ዳግማዊ ምኒልክና መሣሪያን ፈትቶ የማወቅ ፍላጎት

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት በማድረግ ለሚወጣው ለዚህ መታሰቢያ መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፣ እኛ የኮምፒውተር ጥገና የምንማማር ተማሪዎች በመጀመሪያ ያሰብነው የላፕቶፕን የውስጥ ክፍሎች ዘርዝረን ለማስረዳት ነበር። ነገር ግን ተሰብስበን ስንመካከር፣ የክፍሎቹን ስም ብቻ ደርድሮ ማለፍ አንድን ትልቅ ጥያቄ ሳይመልስ እንደሚቀር ተገነዘብን። ጥያቄውም፣ በገንዘብ ተገዝቶ የመጣን መሣሪያ ፈትቶ ውስጡን ማወቅ ለምን ያስፈልጋል? የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የአንድ ሰው ሕይወት ከብዙ ማብራሪያ የተሻለ መልስ ይሰጣል ብለን ስላመንን፣ መሣሪያን በመመርመር ፍቅር የታወቁትን የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ በዚህ ረገድ ብቻ ተመልክተን በአጭሩ ለማቅረብ ደፈርን። የንጉሠ ነገሥቱ ስም በወላይታ ምድር ሲነሣ አብሮ የሚነሣ ሐዘን እንዳለ እናውቃለን። ያንንም ሳንሸሽግ በቦታው እናነሣዋለን።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ነበሩ። ዕድሜያቸው 11 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ለማስገበር ዘመቱ። በዚያው ሰሞን ንጉሥ ኃይለ መለኮት ታመው ስላረፉ፣ ሕፃኑ ምኒልክ ተማርከው ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ሄዱ። በዚህ ዓይነት ወደ አሥር ዓመት ያህል በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ኖሩ፤ አድገውም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱና የአባታቸውን መንግሥት ያዙ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ለመሣሪያ የነበራቸው ጉጉት በታሪክ የታወቀ ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን ሰብስበው መድፍ አሠርተዋል። ከእነዚህም መካከል ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ በብዙ ሺህ ሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደርሶ ነበር። ሆኖም በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ፤ ከመድፍ ሠሪዎቹም አብዛኞቹ ከእንግሊዞች ጋር ከአገር ወጡ። መድፉ እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ብረቱ ቀረ፤ ብረቱን የሚያቀልጥ እጅ ግን ሄደ። በዚያን ጊዜ በሸዋ ላይ ነግሠው የነበሩት ወጣቱ ምኒልክ ይህን ሁሉ ሰምተዋል።

ምኒልክም በበኩላቸው የእጅ ሥራ ዐዋቂ ከውጭ አገር ማስመጣት ፈለጉ። በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ስዊስ መሐንዲስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አንኮበር ገባ። ይህ ሰው አስቀድሞ በብረት ሥራ እጁን ያፍታታ፣ በኋላም በዙሪክ ከተማ የምሕንድስና ትምህርት የተማረ ነበር። ስለ ሙሴ ኢልግ ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱ፣ ምኒልክ በመጀመሪያ ጫማ እንዲሠራላቸው፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራላቸው ማዘዛቸው ነው። መሐንዲሱ ጠመንጃ ከአውሮፓ ተገዝቶ ቢመጣ እንደሚረክስ ለማስረዳት ሞከረ ይባላል። ንጉሡ ግን አልተቀበሉትም፤ እርሱም ብዙ ደክሞ አንድ ጠመንጃ ሠርቶ አቀረበ። ይህን ታሪክ አንዳንዶች እንደ ቀልድ ይነግሩታል። እኛ ግን በጥሞና ስንመለከተው ቀልድ ሆኖ አላገኘነውም። ንጉሡ ሊያረጋግጡ የፈለጉት የጠመንጃውን ዋጋ ሳይሆን፣ ጠመንጃ በአገራቸው ምድር በሰው እጅ ሊሠራ መቻሉን ይመስለናል። የውጭ ዕቃ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ከክፍልና ከክፍል የተገጣጠመ መሆኑን ያመነ ሰው፣ የዕውቀትን በር አንድ ጊዜ አንኳኳ ማለት ነው።

በምኒልክ ቤተ መንግሥት የተስተናገዱ የውጭ አገር ሰዎች ከጻፏቸው መጻሕፍት እንደምንረዳው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሰዓትም ሆነ ጠመንጃ፣ ሌላም አዲስ መሣሪያ በቀረበላቸው ጊዜ እንዴት እንደሚሠራ ሳይጠይቁ አያልፉም ነበር። በገዛ እጃቸውም ፈትተው ውስጡን ያዩና መልሰው ይገጥሙ ነበር። ባለ ስጦታው ስለ ዕቃው ውበት ሊናገር ሲዘጋጅ፣ እርሳቸው ስለ ዘንጉና ስለ ጥርሱ ይጠይቁት ነበር። በዚያ ዘመን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪው በኅብረተሰቡ ዘንድ እየተናቁ ይኖሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የወላይታም ታሪክ ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደለም፤ ሸክላ ሠሪዎችና ብረት ሠራተኞች ከሌላው ተለይተው ኖረዋል። ንጉሥ ተቀምጦ ብሎን ሲፈታ መታየቱ እንግዲህ ቀላል ነገር አልነበረም። ምኒልክ በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸውም ይታወሳል።

ሙሴ ኢልግ ከጠመንጃው በኋላ ብዙ ሥራ ሠራ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ አቆመ፤ በ1880ዎቹ አጋማሽ ከእንጦጦ ተራራ ጥግ እስከ አዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ አወረደ። በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡር እንዲሠራ ፈቃድ ተሰጠው። ከሦስት ዓመት በኋላም የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆኖ ተሾመ።

አሁን ታሪኩ ወደ እኛ አገር ይመጣል። በቋንቋችን መሣሪያ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል፤ አንደኛው የሥራ ዕቃ ነው፤ ሁለተኛው የጦር ዕቃ ነው። ወላይታ በ1887 ዓ.ም. ያወቀችው ሁለተኛውን ነበር። ከዚያ ቀደም የተላኩት የጦር አለቆች ወላይታን ለማስገበር ሞክረው ስላልተሳካላቸው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ወር ምኒልክ ራሳቸው እጅግ ብዙ ጦር አስከትለው ዘመቱ። በዚያን ጊዜ የወላይታ ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋ ነበሩ። ሕዝቡ አገሩን በድንጋይ ካብና በጉድጓድ አጥሮ የመጠበቅ የቆየ ልማድ ነበረው፤ በካዎ አማዶ ስም የሚጠራው ኬላ ለዚህ ምስክር ነው። ተዋጊው በአብዛኛው ጦርና ጋሻ የያዘ ሲሆን፣ የመጣበት ጦር ግን ከኋላው የሚጎርስ ፈጣን ጠመንጃ የታጠቀ ነበር። ቫንደርሄይም የተባለ ፈረንሳዊ ከዘመቻው ጋር አብሮ ተጉዞ ያየውን ሁሉ በመጽሐፍ አሳትሞአል፤ የጻፈውም ለአንባቢ የሚከብድ ነው። ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ብዙ ሰው ተማረከ፤ ከብቱም ተነዳ። ካዎ ጦና ቆስለው ተያዙና ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። የወላይታም የራስዋ መንግሥት በዚሁ አበቃ።

እኛ ይህን የምንጽፈው ቂም ለማደስ አይደለም፤ ታሪክን ግማሹን ብቻ መናገር ግን ተማሪን አያስከብርም። ከቅድመ አያቶቻችን የጎደለው ጀግንነት እንዳልነበረ ወዳጅም ጠላትም መስክሮአል። የጎደለው፣ በባሕር ማዶ ተሠርቶ በሌላ ሰው እጅ የገባው የብረት ዕቃ ነበር። ሰዓት ፈትተው የሚገጥሙት እጆችና ያን ዘመቻ የመሩት እጆች የአንድ ሰው እጆች ናቸው። ከዚህ የምንማረው፣ የመሣሪያ ዕውቀት ለብቻው ሰውን ደግ እንደማያደርግ ነው። ሁለተኛም የምንማረው አለ፤ መሣሪያን የማያውቅ ሕዝብ በሚያውቀው ሕዝብ ፈቃድ ሥር ይወድቃል።

ከዚህ ዘመቻ በኋላ አንድ ዓመት ጥቂት እንዳለፈ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የሆነው ደግሞ የዚሁ ነገር ሌላ ገጽ ነው። የኢጣልያ መንግሥት ዘመናዊ መሣሪያ ስላለው ኢትዮጵያን በቀላሉ የሚይዝ መስሎት ነበር። ነገር ግን ምኒልክ ለብዙ ዓመታት ጠመንጃና መድፍ ሲያከማቹ ቆይተው ነበር፤ ከማከማቸትም አልፈው የሚተኩስበትን ሰው አዘጋጅተዋል። በዚያ ዘመቻ በመድፈኛነት ስማቸው የተጠራው ሊቀ መኳስ አባተና በጅሮንድ ባልቻ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። መድፉ የተሠራው በውጭ አገር ቢሆንም፣ አነጣጥሮ መምታቱ የአገር ልጅ ዕውቀት ሆኖአል። በዚህም ምክንያት ድሉ የኢትዮጵያ ሆነ፤ ዜናውም በባርነትና በቅኝ ግዛት ሥር ለነበሩት ጥቁር ሕዝቦች ሁሉ ተስፋ ሰጠ።

ከዓድዋ በኋላ ምኒልክ ፊታቸውን ወደ ሰላም መሣሪያዎች መለሱ። በ1890 ዓ.ም. ገደማ በቤተ መንግሥታቸው የኤሌክትሪክ መብራት በራ። ስለ ኤሌክትሪክ ሲነሣ፣ ምኒልክ የኤሌክትሪክ ኃይል በሌለበት አገር የኤሌክትሪክ መግደያ ወንበር አስመጥተው፣ አልሠራ ሲላቸው ዙፋን አደረጉት የሚለው ተረት በውጭ አገር መጻሕፍት ሲደጋገም እናገኛለን። ለዚህ ተረት ማስረጃ አልተገኘለትም። መሣሪያ ሁሉ በምን ኃይል እንደሚሠራ አስቀድመው የሚጠይቁ ሰው ስለ ነበሩም፣ ተረቱ ከጠባያቸው ጋር አይገጥምም።

በነዚሁ ዓመታት ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር የስልክ ሽቦ ተዘረጋ። ርቀቱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። እንዲህ ያለ መሥመር በአንድ ቦታ ብቻ ቢበጠስ ሁለቱም ጫፍ ዝም ይላል። ጠጋኙ ሽቦውን በሙሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ ልመርምር ቢል ቀኑ ይመሽበታል፤ ነገር ግን ከመካከለኛው ጣቢያ ሆኖ ወደ ሁለቱም ወገን ቢደውል ጉዳቱ በየትኛው ግማሽ እንዳለ ወዲያው ያውቃል። ያንንም ግማሽ እንደገና ለሁለት ቢከፍለው ወደ ተበጠሰው ቦታ ይቃረባል። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ያኑርልን፤ ዝቅ ብለን እንመለስበታለን።

በ1890 ዓ.ም. መጨረሻ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፅዋን በፎኖግራፍ አስቀርጻ ለምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላከች። ድምፁ የተቀረጸበት ጥቅል አንድ ብቻ ነበር፤ ከተሰማ በኋላም እንዲጠፋ ታዞ ስለ ነበር ተሰበረ፤ የንግሥቲቱም መልእክት አብሮ ጠፋ። ምኒልክና ጣይቱ በምላሹ ድምፃቸውን ቀርጸው ላኩ፤ ያ ጥቅል በጥንቃቄ ስለ ተያዘ ድምፃቸውን እስከ ዛሬ መስማት ይቻላል። ዕቃና በዕቃው ላይ የተቀረጸው ነገር ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ ዕቃው ሲሰበር ግን ግልባጭ የሌለው ቃል አብሮት እንደሚሞት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

ከዚያም ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ ወደ አዲስ አበባ አስመጣ፤ ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር ብሎ ስም አወጣለት። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከጂቡቲ ተነሥቶ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አስገባ፤ ምኒልክም ሳይፈሩ ተሳፈሩበት። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ የአውቶሞቢል አንዱ ክፍል ቢሰበር መለዋወጫው ባሕር ተሻግሮ፣ በረሃ አቋርጦ ካልመጣ በቀር መኪናው ከቆመበት አይነሣም ነበር። መሣሪያ ማስመጣትና መሣሪያን በሕይወት ማቆየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው በዚህ ይታያል።

ምኒልክ ይህ ጉድለት በትምህርት ካልሆነ በቀር እንደማይሞላ ተረድተው ነበር። በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን የመጀመሪያውን ዘመናዊ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ከፈቱ። የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች ከግብፅ የመጡ ሲሆኑ፣ ትምህርቱም በአብዛኛው ቋንቋ ነበር። መንግሥቱ ከውጭ አገር ጋር የሚጻጻፍለት ሰው ስለሚያስፈልገው ይህ ተገቢ ነበር እንላለን። ሆኖም ሰዓት ፈትቶ መግጠምን፣ የብረትን ጠባይ ማወቅን፣ የተበላሸውን ፈልጎ ማግኘትን የሚያስተምር ትምህርት ቤት በዘመናቸው አልተከፈተም። ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም እርሳቸው ካረፉ ከ28 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የአንድ ሰው ጉጉት የሕዝብ ዕውቀት እስኪሆን ድረስ ይህን ያህል ጊዜ ወሰደ።

ንጉሠ ነገሥቱ ትምህርት ቤቱን በከፈቱበት ዘመን ጤናቸው ታውኮ ነበር። ደዌው እየበረታ ሄዶ አካላቸውንና አንደበታቸውን ያዘ። በመጨረሻም ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. በ69 ዓመታቸው አረፉ። ፈቃድ የሰጡበት የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ሲቆም፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ምኒልክ ባቡሩ ከተማቸው ሲገባ ሳያዩ ቀሩ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ተርከን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለሳለን። ዛሬ በሶዶ ከተማ፣ በቦዲቲም ሆነ በአረካ፣ በየትምህርት ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ላፕቶፕ የማይገኝበት ስፍራ ጥቂት ነው። ነገር ግን አንድ ቀን አልነሣ ያለ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ሞተ ተብሎ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ አቧራም ይለብሳል። እኛ በመማር ላይ ሳለን እንዳየነው ግን፣ ሞተ ከተባለው ውስጥ ብዙው የታመመ ብቻ ነው። ሕመሙን ፈልጎ ለማግኘት የሚያስፈልገውም ከፍ ብለን ባወሳነው ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

አስቀድሞ ኃይሉን መጠየቅ ነው። ላፕቶፑ አልበራ ሲል፣ ከመፍታት በፊት በዚያው ሶኬት ላይ ሌላ ዕቃ ሰክቶ መሞከር ይገባል። ቀጥሎ ቻርጀሩን ማየት፣ ቢገኝም ከተመሳሳይ ላፕቶፕ ቮልቱ እኩል የሆነ ቻርጀር ተውሶ መሞከር ነው። ባትሪው በቀላሉ የሚወጣ ከሆነ እርሱን አውጥቶ፣ ቻርጀሩንም ነቅሎ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያም በቻርጀር ብቻ ማስነሣት ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ በውስጡ የቀረው ኃይል ስለሚወጣ ነው። በአገራችን መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በድንገት ከፍ ስለሚል፣ ከላፕቶፑ ይልቅ ቻርጀሩ ተጎድቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። በዚህን ጊዜ ላፕቶፑን መፍታት ከንቱ ድካም ይሆናል።

ሁለተኛው፣ እንደ ሐረር የስልክ ሽቦ ችግሩን ለሁለት መክፈል ነው። መብራቱ በርቶ፣ ማራገቢያው እየዞረ፣ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ፣ ላፕቶፑን ከሌላ ስክሪን ጋር በገመድ ማያያዝ ነው። በሌላው ስክሪን ላይ ሥዕል ከታየ፣ ዋናው አካል ደኅና ነው፤ ጉዳቱ በራሱ ስክሪን ወይም ወደ ስክሪኑ በሚሄደው ገመድ ላይ ነው። በሌላውም ካልታየ ጉዳቱ ከውስጥ ነው። ያን ጊዜ ራሙን አውጥቶ፣ መግጠሚያውን ከአቧራ አጽድቶ፣ መልሶ በደንብ መግጠም ነው። ራሙ ሁለት ከሆነ አንድ አንዱን ለየብቻው መሞከር የተበላሸውን ይለያል። በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁ ሕግ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው፣ ላፕቶፑ ቢነሣለትም እንኳ ምክንያቱን ሳያውቅ ይቀራል።

ሦስተኛው፣ የንግሥቲቱን ጥቅል ማስታወስ ነው። ሃርድ ዲስክ እንደ ወትሮው ሳይሆን ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ወይም ፋይል ለመክፈት እጅግ ከዘገየ፣ ጥገና ከመጀመሩ በፊት በውስጡ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ ያስፈልጋል። ሃርድ ዲስኩ በገንዘብ ይተካል፤ የተማሪዎች የማርክ መዝገብ ግን በገንዘብ አይተካም።

አራተኛው፣ ላፕቶፕ ጥቂት ሠርቶ በራሱ የሚጠፋ ከሆነ ሙቀቱን መጠርጠር ነው። በበጋ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የሚነሣው ቀይ አቧራ በማራገቢያው ክንፍና በሙቀት ማውጫው ላይ ተጋግሮ ነፋስ እንዳያልፍ ይከለክላል። ላፕቶፑም እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል፤ ይህ የመከላከያ ብልሃት እንጂ ብልሽት አይደለም። ለስላሳ ብሩሽ ይዞ፣ ማራገቢያው እንዳይዞር በጣት ደግፎ ማጽዳት ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ላፕቶፕን በአልጋ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራትም ይህንኑ ችግር ያመጣል።

ሲፈታ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቻርጀሩን መንቀል፣ ባትሪውንም ማለያየት ይገባል። ክፍሎቹን ከመንካት በፊት ያልተቀባ ብረት ነክቶ በሰውነት ላይ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ማስወገድ ያስፈልጋል። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፣ የላፕቶፑን ጀርባ በወረቀት ላይ ሥሎ እያንዳንዱን ብሎን በተፈታበት ቦታ ላይ ማኖር ጥሩ ነው፤ ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ማዘርቦርዱን ሊወጋ ይችላል። ያበጠ ባትሪ ግን መበሳትም መጫንም አይገባም፤ እሳት ያስነሣል። የቻርጀሩንም ሣጥን ተማሪ እንዳይከፍተው እንመክራለን። የታየውንና የተደረገውን ሁሉ በደብተር መጻፍም አይዘንጋ፤ የዛሬው ሕመም በሚመጣው ዓመት በሌላ ላፕቶፕ ላይ ተመልሶ ይመጣልና።

ውድ አንባቢያን፤ ሶዶ ዛሬ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። ካዎ ጦና በተማረኩበት ምድር ላይ የእነርሱ የልጅ ልጆች ካቻቢቴ ይዘው ከሩቅ አገር የመጣን መሣሪያ ይከፍታሉ። ምኒልክ ለብቻቸው የነበራቸውን ጉጉት እኛ በክፍል ውስጥ አርባና ሃምሳ ሆነን ልንካፈለው እንችላለን፤ በእርሳቸው ዘመን የቀረውም ይህ ነበር። አያቶቻችን ውስጡን የማያውቁት ብረት መጥቶባቸው ነበር። ለእኛ የመጣልን ብረት ግን በጠረጴዛችን ላይ ተቀምጦአል፤ ብሎኖቹም በግልጽ ይታያሉ። ስለዚህ በትምህርት ቤታችን መደርደሪያ ላይ ሞተ ተብሎ የተቀመጠ ላፕቶፕ ያየ ተማሪ ሁሉ፣ ከአስተማሪው ፈቃድ ጠይቆ፣ ሶኬቱን ከመመርመር እንዲጀምር በትሕትና እናሳስባለን።